ውኃው አልመጣም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት

(ጎንደር ውስጥ በአንድ አፀደ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት የልጆቹ ወንበሮች አሉ። ዝቅ ይላሉ እንጂ ይይዛሉ። ባለፈው ስብሰባ እኔም ተቀምጬባቸዋለሁ፤ የሚያስቸግረው መነሣቱ ነው።

የወላጅ ኮሚቴው «በቤተሰብ ውስጥ ስለ ምስጋና ትንሽ ተናገርልን» ሲለኝ ወደ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና «አንተ?» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ደግሞ ቶሎ የሚያባራ አልሆነም። ዛሬ መጥታለች፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠችው። ስለዚህ አፌን ጠበቅ አድርጌ ነው የማወራው።

ለምን እንደሳቀች ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የቀረው ወሬ ስብከት ይሆንብኛል።

የጎንደርን ውኃ ለእናንተ አላስተዋውቅም። ሰፈር የሚደርሰው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም የሰው እንቅልፍ አያውቅም። እኛ ማራኪ ነው የምንኖረው፤ ያን ጊዜ ውኃው የሚመጣው ሌሊት ነበር፤ ሲፈልግ 7 ሰዓት፣ ሲፈልግ 9 ሰዓት ላይ። ልጃችን ገና የአራት ወር ሕፃን ነበረች። ዳይፐር ውድ ስለሆነ ለመንገድና ለሌሊት ብቻ ነው የምናወጣው፤ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ነው። ጨርቅ ደግሞ ውኃ ይፈልጋል፤ ብዙ ውኃ።

ቧንቧው ውኃ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ አየር ያስነጥሳል። ቀጥሎ ደፍራሽ ውኃ ይተፋል። ያንን በባልዲ ተቀብሎ ለመጸዳጃ ቤት ማስቀመጥ፣ ጠራ ሲል ጀሪካኑን መደቀን ነው። አምስት ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለን። ጀሪካን ሲሞላ ድምፁ ከወፍራም እየቀጠነ ይሄዳል፤ አፉ ላይ ሊደርስ ሲል ያፏጫል። በጨለማ የሚቀዳ ሰው በዓይኑ አያይም፤ ያን ፉጨት ነው የሚጠብቀው። ይኼን ሁሉ አሁን አውቀዋለሁ። ያኔ አላውቅም ነበር፤ ተኝቼ ነበራ።

ጠዋት እነሣለሁ፤ አምስቱም ሞልተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። «ተመስገን፣ ዛሬም ውኃ መጥቷል!» እላለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ይኼ ሁለት ወር ያህል ቀጠለ። አንድ ቀን ጠዋት እንደልማዴ «ተመስገን» ስል ባለቤቴ ልጅቷን ደረቷ ላይ አስተኝታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልጮኸችም። «ውኃው አልመጣም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለችኝ።

ምን ልበል? «እሱማ አዎ» አልኩ። ጫማዬን አስሬ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ግን ነገሩ እየዞረ መጣብኝ።

ልብ በሉልኝ፣ «ተመስገን»ን ልነቅፍ አልተነሣሁም። እኔም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። አገሩ ሁሉ ይለዋል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ጣጣው ያለው ሰው እዚያው ላይ የሚያቆም ከሆነ ነው። ምስጋናው በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣና ሌሊት ጀሪካን የደቀኑት እጆች ሳይነኩ ይቀራሉ። ይኼን ለጎረቤቴ ባጫውተው፣ እሱ ሙስሊም ነው፣ «በእኛ ሐዲስ አለ፤ ሰውን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንም ይላል» አለኝ። በአራት ቃል አስቀመጠው እኮ! እኔ ለዛሬው ስድስት ገጽ ጽፌ ነው የመጣሁት።

ወደ ቋንቋችን ልምጣ፤ ነገሩ እዚያም ውስጥ አለበትና። አማርኛ ለምስጋና ድኻ አይደለም። ምግብ ላቀረበ «እጅሽ ይባረክ» አለ፣ ለረዳ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ለልጅ «እደግ ተመንደግ» አለ፣ ለታላቅ «ኑሩልኝ» አለ። ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ አብዛኛው ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚወርድ ምርቃት ነው፤ አለዚያም ከታናሽ ወደ ታላቅ የሚወጣ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲቆሙ ቃሉ ያጥራል። ሚስቴን «እደጊ» አልላት! «አመሰግናለሁ» ደግሞ በእኛ ቤት የቢሮ ሽታ አለው፤ የደብዳቤ መዝጊያ ይመስላል። መጀመሪያ ጊዜ ሞክሬ ስላት ቀና ብላ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ።

አያቴ አያቴን፣ ማለት ሴቷ ወንዱን፣ ዕድሜዋን ሙሉ «አንቱ» እያለች ኖራለች። እሱ «አንቺ» ነው የሚላት። ምስጋና ከአፉ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። ግን ትዝ የሚለኝ አለ፤ ማዕድ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለራሱ አያደርግም፣ ከሥጋው መርጦ ጠቅልሎ ወደ እሷ ይዘረጋ ነበር። እሷ ደግሞ «ኧረ ይብሉ» እያለች አፏን ትከፍታለች። ቃል አልነበራቸውም፤ እጅ ነበራቸው። እኛ ዘመናዮቹ ጉርሻውን ለሠርግና ለፎቶ አስቀርተን ቃሉንም ሳንይዝ መሐል ላይ የቀረን ይመስለኛል። ለነገሩ አያቴን ጠይቃችኋት ቢሆን ከጉርሻው ይልቅ እንጨቱን ቢፈልጥላት ትመርጥ ነበር ይሆናል። አልጠየቅናትም።

አሁን ስለ አራስ ቤት። እኛ ጎንደሬዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አራስ እንይዝበታለን፤ ይኼን ማንም አይወስድብንም። ባለቤቴ ስትወልድ ግቢው ሰው አያቋርጥም ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ የአጥሚት እህል፣ አንዱ ዶሮ። ገንፎው መሐሉ ተጎርጉዶ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበት ሲቀርብ እኔ እንኳ፣ ምንም ያልወለድኩት፣ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ምርቃት! ከዚያ 80 ቀን ሞላ፤ ልጅቷ ክርስትና ተነሣች፤ እንግዳው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፣ ሄደ። በ81ኛው ቀን ጠዋት ቤቱ ውስጥ የቀሩት አንዲት የደከመች ሴት፣ አንዲት የምታለቅስ ሕፃንና ሥራ የረፈደበት አንድ ሰውዬ ናቸው።

አማቴ ደባርቅ ናቸው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግን ያን ሰሞን መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ስልኩም እንደዚያው፣ እንኳን መጥተው ሊይዟት ድምፃቸውን መስማትም ብርቅ ሆኖ ነበር። ይኼን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አላረዝመውም።

ሕጉስ ምን ይላል? እኔ በግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ በ1156/2011 ማለት ነው፣ እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። አባት 3 ተከታታይ ቀን አለው። ሦስት! አንዷን ቀን ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ አንዷን ዶሮ ፍለጋ፣ ሦስተኛዋን እንቅልፍ ላይ ጨረስኳት። በአራተኛው ቀን ቢሮ ስገባ ሁሉም «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ጨበጠኝ፤ ለሦስት ቀን ሥራ ያን ያህል ምስጋና አግኝቼ አላውቅም።

የማይታየው ሥራ ደግሞ ከሚታየው ይበዛል። ልጅቷን አንድ ጊዜ ብቻዬን ለክትባት ወሰድኳት። ኩራቴን ባያችሁት! ነርሷ ካርዱን ተቀብላ አገላበጠችና «በ14 ሳምንቷ የወሰደችው አሟት ነበር? አተኩሷት ነበር?» አለችኝ። ዝም። «ጡት ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር ጀመረች?» ዝም። ወደ ባለቤቴ ደወልኩ። 6 ሳምንት፣ 10 ሳምንት፣ 14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወር የኩፍኙ፤ ቀኑን፣ የትኛው ጭን እንደተወጋ፣ ስንት ሌሊት እንዳለቀሰች፣ ሁሉን ያለ ካርድ በቃሏ ዘረዘረችልኝ። ልጅ መያዝ ጉልበት ብቻ መስሎኝ ነበር። ቀን ሙሉ አእምሮ ውስጥ የሚሠራ የሒሳብ መዝገብ እንዳለበት ያኔ ነው የገባኝ። እንዲህ ያለውን መዝገብ የምይዘው ደመወዝ ተከፍሎኝ ነው።

ሒሳብ ካነሣሁ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ ካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች 37 ባልና ሚስት ወስደው ለየብቻ ጠየቋቸው፤ ምግብ በመሥራት፣ ልጅ በመንከባከብ፣ በመሳሰለው ውስጥ የአንተ ድርሻ ስንት ነው፣ ያንቺስ ስንት ነው? የሁለቱ መልስ ሲደመር በብዙዎቹ ላይ ከመቶ በላይ ወጣ። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም። ሰው የራሱን ድካም በአካል ስለነበረበት ያስታውሰዋል፤ የሌላውን ግን ያየው ቁራሽ ነው፣ ወይ ተኝቶ አልፎታል።

እኛም ቤት ሞከርነው። በብጣሽ ወረቀት፣ ሳንተያይ ጻፍን። እኔ 40 ብዬ ጻፍኩ፤ ትሑት የሆንኩ መስሎኝ ነው። እሷ 85። ድምሩ 125። ከመቶ በላይ የወጣ መቶኛ ሳይ ሙያዬ ነውና ስሕተቱን መፈለግ ጀመርኩ። ስንፈልግ፣ ስንከራከር፣ የባሰ ነገር አገኘን። ሁለታችንም ቤት ውስጥ ያለችውን ሦስተኛ ሰው ጨርሶ አልጻፍናትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባለቤቴ ወደ ሥራ ስትመለስ አንዲት ልጅ ቀጠርን። ከበለሳ ነው የመጣችው፤ 19 ዓመቷ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ አልፈቀደችልኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለታችን ስንወጣ ልጃችንን የምታዝላት እሷ፣ የምታበላት እሷ፣ «እሹሩሩ» የምትልላት እሷ። አንድ ቀን ማታ ራት ላይ ተቀምጠን ልጃችን አፏን ፈታች። እኔ «አባ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ባለቤቴ «እማ» ትላለች ብላ ስትጠብቅ፣ የልጅቷን ስም ጠራች። ግማሹን ብቻ ነው፤ ግን ስሟ ነው። ልጅቷ ደነገጠች። ጥፋት የሠራች ይመስል ሳህን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ባለቤቴ ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ ግን መኝታ ቤት ገብታ ቆየች።

ልጅ ያመሰገነበት የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የወሰድኩት። ሕፃን ውለታ ሊያውቅ አይችልም ይባላል፤ ማን እንዳቀፈው ግን ያውቃል። እኛ አዋቂዎቹስ? በፋሲካ ቀሚስ ገዛንላት። እሱን ሰጥተን ጨርሰናል ብለን ነው ያሰብነው። ከሁለት ወር በኋላ ቡና እያፈላች፣ ዓይኗን ከጀበናው ሳትነቅል፣ «የማታ ትምህርት ብመዘገብስ?» አለች። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣውን ሐሳብ ልናዘዝ፤ «ታዲያ ማታ ልጅቷን ማን ይይዛታል?» የሚል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት። ባለቤቴም ያንኑ አስባ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ተመዘገበች። አሁን እኔ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት መግባት አለብኝ፤ ከሥራ በኋላ ፒያሳ ቁጭ ብዬ የምጠጣው ማኪያቶ ቀርቷል። ለሷ «እጅሽ ይባረክ» ሳልል የዋልኩበት ቀን አልነበረም፤ ቃሉን አላጎደልኩም። ደመወዟን ግን ሁለት ወር አዘግይቻለሁ፤ ይኼንንም ልናዘዝ። ምርቃቱ ሲበዛ ክፍያው ይዘነጋል፤ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ አውቃለሁ፣ አንዱ የእኔ ነው።

ስለ ልጆቹ ደግሞ፤ ትምህርት ቤቱ የጠራኝ ለዚያ ይመስለኛል። «በይ አመስግኚ! በሁለት እጅሽ ተቀበይ!» የማይል ወላጅ የለም። በሁለት እጅ መቀበሉን እወደዋለሁ፤ አይቅር። ግን ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንግዳ ፊት አንገቷን ተይዛ «አመሰግናለሁ» ስትል ምን እንደምትማር እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው የራሱ ሐሳብ፣ የራሱ ድካም እንዳለው ገና አይገባትም፤ እሱ ቀስ ብሎ፣ በአራት ዓመት ገደማ ነው መብሰል የሚጀምረው። እስከዚያው የምታደርገው እኛን መቅዳት ነው።

እናቶቻችን ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነበራቸው። እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ሊያልቅ ሲል ለልጅ እንጎቻ ይወጣል። እናቴ እንጎቻዬን የምትሰጠኝ ኩበት ካቀበልኳት በኋላ ነበር፤ «ይኼ ያንተ ነው፣ አንተ ባታቀብለኝ እሳቱ ይጠፋ ነበር» ትለኛለች። ልብ በሉ፣ «ጎበዝ» አላለችኝም፤ ምን እንደሠራሁ ነው የነገረችኝ። ሌላው እጅ ማስታጠብ ነው። እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያውን የሚይዘው ልጅ ነው፤ እንግዳው እጁን እያሻሸ «እደግ» ይለዋል። ትንሽ ልጅ፣ ለትልቅ ሰው የሚጠቅም ሥራ፣ እዚያው ላይ ምርቃት። ዛሬ ሁሉም ወደ ሲንኩ ነው የሚሄደው፤ ውኃ ካለ።

ልጄን ይኼን አስተማርኳት። አሁን አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው አባቴ መጥተው እሷ በትንሿ ጣሳ ውኃ አፈሰሰችላቸው፤ ግማሹ ሱሪያቸው ላይ ነው። «እደጊ የኔ እመቤት» አሏት። ቀጥሎ አባቴ ተራቸውን ጣሳውን ተቀብለው የእሷን እጅ አስታጠቧት። እሷ በጣም ኮስተር ብላ፣ እጇን እያሻሸች፣ «እደጉ!» አለቻቸው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። «እሺ፣ እሞክራለሁ» አሉ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስደናት ነበር። ጣሪያውን ታውቁታላችሁ፤ መላእክቱ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ያያሉ። አንጋጣ ቆየችና «እነዚህ መቼ ነው የሚተኙት?» አለች። እኔ መልስ ስፈልግ ባለቤቴ «ልጅ አላቸው መሰለኝ» አለቻት።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ከተጠየቁት መካከል ሁለቱ እነሆ።)

አንድ አባት፣ «እኔም እደክማለሁ፤ ቀን ሙሉ ባጃጅ ላይ ነኝ። ማን አመሰገነኝ?» አሉ። ልክ ናቸው። ከመቶ በላይ የሚወጣው ሒሳብ ለሳቸውም ይሠራል፤ ሚስታቸው የአዘዞን መንገድ አቧራ አያዩትም። ለራሴ የጠቀመኝን ነው የነገርኳቸው፤ ማታ ስገባ ውሎዬን አወራለሁ፣ ውሎዋን እጠይቃለሁ። ሰው ያልሰማውን አያመሰግንም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ስልኬን ይዤ ነው የምገባው፤ ይኼን ስል ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር።

አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «የእኔው ባል ማመስገኑን አሳምሮ ይችላል። እጅሽ ይባረክ፣ ኑሪልኝ፣ አንቺ ባትኖሪ፣ ሁሉን ይላል። ከሶፋው ግን አይነሣም። ምን ልበለው?» አዳራሹ ሳቀ። እኔ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ከበሩ አጠገብ ሆና መለሰችላቸው፦ «ምንም አትበይው፤ ጀሪካኑን አቀብይው።»

ጀሪካኑ ከተነሣ፣ ትናንት ሌሊት ውኃ የመጣው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ማስነጠሱን ሰምቼ እኔው ተነሣሁ። ደፍራሹን በባልዲ አሳለፍኩ፣ አምስቱንም እስኪያፏጩ ሞላሁ፣ ደርድሬ ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት ባለቤቴ ቀድማኝ ተነሥታ ወደ ጓዳ ስትሄድ ሰማኋት። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆየች። ከዚያ፣

«ሦስተኛው ጀሪካን ክዳኑ አልተዘጋም» አለችኝ።